ክንድ ተኩል

ከሞጆ ተነሣሁ ሲሚንቶ ጭኜ፣
ግማሼ ሾፌር፣ ግማሼ ተሳዳቢ ሆኜ።
ባጃጁም፣ አህያውም፣ ጋሪውም በሙሉ
ከአፌ ድርሻ አላቸው፤ ሳይከፍሉ ይበላሉ።
ሳይክል ነጂውን ግን፣ ይህን አልደብቅም፣
ክላክስ አጠጣለሁ፤ ፍሬን መያዝ አላውቅም።
«ዳርህን ያዝ!» ነው ሕጌ። ዳሩ አሸዋ ይሁን፣ ቦይ፣
ከጋቢና ሆኖ ማን ያያል? እኔ ወይ?

ሻሸመኔን ስናልፍ ጨለማው ወረደ፤
ጥቁር ውሃ ስንደርስ መብራትም ሄደ።
ሐዋሳ ባንድ አፍታ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣
ታቦርም ከሐይቁ ባንድ ተሰውሮ፣
የቀረው አስፋልቱ፣ የቀረው የኔ ዓይን፤
ከዓይኔ ጫፍ ላይ ደግሞ
አንድ ሳይክል። አንዲት ሴት። ሰማያዊ ጋዋን።

መብራት የላት፣ ምልክት የላት፤
ከፋብሪካ ውላ ድካም ያንገላታት፣
በፌስታል የታሰረ ምሳ ዕቃ ከኋላ፤
ፔዳሉ ሲዞር ብቻ የምትታይ ጥላ።

እጄ ክላክሱ ላይ። ከግራ በኩል ግን
አውቶብስ መጣብኝ አፍጥጦ ሁለት ዓይን፤
መውጫ የለም። «ቀስ በል» አለኝ ዱካሞ፣
እንቅልፋም ረዳቴ፣ ከጎኔ ተጋድሞ።

ሁለተኛ ማርሽ። ቀስ።
ከመብራቴ ገባች።
ያን ጊዜ አየሁት፣ ያንን «ዳር» ያልሁትን፤
ጫፉ እንደ ታመመ ጥርስ የተቦረቦረውን፣
ከእንደኔው መኪና የተደፋው ጠጠር፣
ክዳኑ የተሸጠ የጉድጓድ አፍ ከሥር፣
ጎማው የፈነዳ ሾፌር የደረደረው፣
ቀይሮ ሲነሣ እዚያው የቀረው
ድንጋይ።
ያ ሾፌር እኔ እሆን? ደርድሬማ አውቃለሁ።
ማንሣቴን እንጃ።

ቆመች። ወረደች። ከዚያው ድንጋይ አንዱን
አንሥታ ወደ እኛ አዞረች ፊቷን።
«ወይ እለፍ፣ ወይ ተመለስ! ምን ያስከትልሃል?»
ማብራቴ ነው ልላት፤ ግን በምን ይታወቃል?
ከኋላ የሚመጣ ብርሃን ምን ያሳምናል?
ጅብም እኮ ዓይን አለው፤ ጅብም ያበራል።

ረጅሙን አጠፋሁ። ዱካሞ ተንጠልጥሎ
በሲዳምኛ ጮኸ፣ «እናብራልሽ» ብሎ።
ዝም አለች። አሰበች። ድንጋዩን ሳትጥል፦
«እንግዲያው ራቅ በል፤ ጀርባዬን አታቃጥል።
ስታልፈኝም ደግሞ ክንድ ተኩል ተውልኝ፤
መንጃ እንዳይመስልህ፣
መውደቂያዬ ናት እሷ፣ ነፋስህ ቢጥለኝ።»

እስከ መናኸሪያው ድረስ፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ፣
እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ፤ ከኔ ኋላ ሁሉ፦
ዶልፊኑም፣ ሞተሩም፣ ባጃጁም በሰልፍ፣
«ሬሳ ነው የጫንከው?» «ተኝተህ ነው? እለፍ!»
ሰው ሳጎርስ የኖርሁት ስድብ ተጠራቅሞ
ያን ማታ በላሁት። ይስቃል ዱካሞ።

መናኸሪያው ጥግ ስትደርስ ታጠፈች፤
ዞር ብላ አላየችን።
እስከዚያ ይዛው ኖሮ፣ ድንጋዩን ያኔ ጣለች።

ከወር በኋላ ነው። ከመጋዘን ስወጣ
የፍሬቻዬ ክዳን በግንቡ ተላጣ።
ስባሪውን ወስጄ ሳይክል ጠጋኙ ጋ፣
ጋሽ ሻሎ ዘንድ ጣልሁት፤ አልጠየቅሁም ዋጋ።
«ለዚያች ባለ ጋዋን፣ እንኳን ሰው ጅብ ለማትፈራ...»
«ብርቱካን ናት» አለኝ፣ ስሟን እየጠራ።

አሁን ማታ ስገባ፣ መብራት በጠፋ ቀን፣
አንዲት ብርቱካን ነጥብ ትጠቅሰዋለች ዓይኔን።
ሰላምታ የለንም።
ክንድ ተኩል እለቃለሁ፤ ነፋስ ካለ፣ ሁለት።
የባጃጁን ነገር ገና አልደረስሁበት።