ሲባጎ

ጦሳ ጉም ለብሶ፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣
ያባታችን ፊያት ለገበያ ስትደርስ፣
ከሸዋ በር ወጣን፣ እንድሪስና እኔ፤
መሪው የሱ ድርሻ፣ ጎኑ ደግሞ የኔ።

ሦስት ክረምት አልፏል ቃል ከተለዋወጥን፤
ለቅሶ ቤት እንኳ ተራርቀን ተቀመጥን።
ምክንያቱ ገራዶ ያለች ቁራሽ መሬት፣
ተለክታ ብታይ የማትበቃ ለበረት።

መኪናዋን አባባ «ታላቋ» ነበር የሚላት፤
ከሁለታችን በፊት እሱን ያወቀች እሷ ናት።
ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በፊት ያጥባታል፤
በባልዲው በተረፈው እኛን ያዳርሰናል።

የዝናብ መጥረጊያዋ ከቆመ ቆይቷል፤
የአንዱ ክንድ ዝሏል፣ የአንዱ ላስቲክ አልቋል።
ሙህዬ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣
ካቻቢቴ ነክሶ፣ ሽቦውን ጎትቶ፣
«ጦይባ፣ ሞተሩ አሯል፤ ዕቃውም ጠፍቷል፣
የሠራው ጣሊያንም ይሄኔ ሞቷል።
ፀሐይ ስትወጣ ሂዱ» አለን፣ እጁን እየጠረገ፤
ፀሐይ በነሐሴ! ደሴ ላይ ማን አደረገ?
ገዢው ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ ቆሟል፤
በስልክ ደጋግሞ «የት ደረሳችሁ» ይላል።

ሐረጎ ላይ መጣ። መጣ እንኳ አይባልም፤
እሱ ቆሞ ሲጠብቅ፣ እኛ ነን የገባን ሳንሳለም።
መስታወቱ ፈላ፣ አስፋልቱ ተለየ፣
የፊታችን ካሚዮን እየሟሟ ታየ፤
ቀይ መብራቱ ብቻ፣ እንደ ፈሰሰ ቀለም፣
ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ቀኝም ግራም የለም።

እንድሪስ ዳር ያዘ። ሲጋራ ፈረከሰ፣
በትምባሆው እርጥብ መስታወቱን ዳሰሰ፤
ያባታችን ዘዴ ነው፤ ውሃ አያስይዝም ይሉታል።
ሁለት ኩርባ ረዳን። ሦስተኛው ላይ አጥቦታል።

ወንበሩ ሥር ስዳብስ፣ ክሪኩ አጠገብ፣
ሲባጎ አገኘሁ፣ ጥቅል፣ ትንሽ ርጥብ፤
አባባ ገብስ ሲነግድ የጆንያ አፍ የሰፋበት፣
አንዲት ቁራጭ ገለባ ጫፉ ላይ የቀረበት።
ወጥቼ አሰርኩት፣ አንዱን ጫፍ ከግራ፣
አንዱን ጫፍ ከቀኝ፣ ከክንዶቹ ጋራ።
በሁለቱ መስኮት ጫፉ ውስጥ ደረሰ፤
ዝናቡም ተከትሎ ጭናችን ላይ ፈሰሰ።

እኔ ስስብ ወደ ቀኝ፣ እሱ ሲስብ ወደ ግራ፤
ሁለታችን ባንዴ ከሳብን ግን አይሠራ።
መጀመሪያ እንዲያው ሆነ፦ እሱ ሳበ፣ እኔም ሳብኩኝ፤
ገራዶን ዳግመኛ የምንለካ መሰለኝ።

እና ተናገረ። ከሦስት ክረምት ወዲህ
የመጀመሪያ ቃሉ፦ «ልቀቂ።» ያ ብቻ፣ እንዲህ።
ለቀቅሁ። መስታወቱ በግማሽ ተገለጠ፤
አንድ የሐረጎ ኩርባ ከውሃው አመለጠ።
«ሳቢ።» ሳብኩ። «ልቀቂ።» «ሳብ!» አልኩት ደፍሬ፣
«ልቀቅ! ሳብ! ኧረ ቀስ! ከፊትህ ነው በሬ!»
በሁለት ቃል ብቻ ስንት ኩርባ ወረድን፤
አውፍ አልተባባልን፤ ያን መንገድ አልሄድን።

ቦርከና ስንደርስ ሰማዩ ሌላ ነው፤
አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ ኮምቦልቻ ሙቅ ነው።
ገዢው፣ አቶ አራጋው፣ ጎማዋን በእግሩ መታ፤
ዞራት እንደ ላም ገዢ፣ ያለ ችኮላ፣ በዝግታ።
«መጥረጊያውስ?» አለ፣ ሲባጎውን አይቶ።
እንድሪስ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አመንትቶ፦
«ይሠራል» አለው፤ «ሁለት ሰው ካለበት።»
ሰውየው ሳቀና አምስት ሺህ ቀነሰበት።

ብሩን እኩል ተካፈልን፤ ጎዶሎዋ ስትወጣ
በሷ ምሳ በላን፤ ከጥብሱ ጋር ዝምታ መጣ።

ሲመሽ በአውቶቡስ ወደ ደሴ ስንመለስ፣
ያው ዝናብ፣ ያው ጉም ሐረጎ ላይ ሲፈስ፣
የአውቶቡሱ መጥረጊያ፣ አዲስ፣ ድካም የሌለበት፣
ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ገመድ የለበት፣ ሰው የለበት።
መዳፌ ላይ ሲባጎው ቀይ መስመር ትቶልኝ፣
ጣቴ ባዶ አየር ላይ ሳብ፣ ሳብ ሲያደርገኝ፣
እንድሪስ ከጎኔ መስኮቱን ተደግፎ፣
አፉ ግማሽ ተከፍቶ፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ አርፎ፣
«ልቀቂ» አለኝ።

ለቀቅሁ።