ልክ

ጨው ቀለሙን በበላው፣ በኮርንዋል ወደብ ዳር፣
ሁለት ክፍል ሐኪም ቤት፣ አንድ ጠባብ በር።
ዶክተር ፔንሃሎ አለ፣ የሰው ጉልበት እያከመ የራሱን የሚያመው፤
ነርስ ሎዌና አለች፣ መርፌዋ ሕፃን እንኳን የማያመው።
እኔ ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ፣
ስልክ አነሣለሁ፣ ስም እጽፋለሁ፣ ለሚወጣ ለሚገባ።

ጠዋት ጠዋት፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ገና፣
ወደ ክትባቱ ማቀዝቀዣ ትሄዳለች ሎዌና።
ጎንበስ ብላ ቁጥሩን ታያለች፣
በክር በታሰረ እስክርቢቶ መዝገቡ ላይ ታሰፍራለች።
«አምስት።» በማግሥቱ «አምስት።» አንዳንዴ «አራት።»
ከሁለት እንዳይወርድ፣ ከስምንት እንዳያልፍ፣ ይህ ነው የእሷ ጸሎት።
«ምነው» እላት ነበር፣ «እንደ ዳዊት ደጋሚ፣
ዛሬም ያንኑ ቁጥር ልትደግሚ?»
ትስቃለች። መልስ የላትም።
ወይም ነበራት፤ እኔ አልጠበቅኋትም።

ታዲያ አንድ ሰኞ፣ ከማዕበል ማግሥት፣
ቆማ ቀረች ደርቃ፣ ከነጩ ሣጥን ፊት።
ቅዳሜ ታምሲን፣ ጽዳቷ፣ ልጇ ታሞባት ስትቸኩል፣
ሶኬቱን ነቅላ የመጥረጊያዋን ሰክታ፣ ሳትመልሰው ሄዳለች ሳታስተውል።
ሁለት ሌሊት ሙሉ ዝም ብሎ ሲሞቅ፣
አልጮኸ፣ አልተጣራ፣ ማንም ሰው ሳያውቅ።
አሥራ ሦስት ይላል።

«አምስት በዪው» አልኳት፣ ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ፣
የመተላለፊያውን በር በተረከዜ ዘግቼ።
«ይኸው ሰክተነዋል፣ እስኪመጡ ይበርዳል፤
ተቆጣጣሪዋም ልትመጣ አሥር ቀን ቀርቷል።
ማን ያያል?»
ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይደለም።
በሌላ ላሳብበው ብል ምላሴ አይታዘዝም።

እሷ አላየችኝም። እስክርቢቶው በክሩ ተወዛወዘ።
«ዓሣ ሲበላሽ ይሸታል፣ ጎረቤት ይሰማል፤
ክትባት ሲበላሽ ግን እንደ ጤዛ ጠርቶ ይቀመጣል።
አይሸት፣ አይጎመዝዝ፤ እናት በምን ትወቀው?
ያለን አፍንጫ ይኼ መዝገብ ነው።»
ጻፈች። አሥራ ሦስት። ከጎኑ ሰዓቱን፣
ከሰዓቱ ሥር ስሟን።

ብልቃጦቹ በቢጫ ከረጢት ታሸጉ፣
እኔም ስልክ ጨበጥኩ።
አርባ አንድ ቤት። አርባ አንድ ጊዜ «ይቅርታ፣ ቀጠሮው ተላልፏል።»
አንዷ አለቀሰች። አንዱ ሳልጨርስ ዘግቶታል።
ጃጎ የሚሉት መረብ ጣይ፣ የመንታ ልጆች አባት፣
«ጀልባዬን አስሬ፣ የቀን ገቢዬን ከስሬ!» ብሎ፣ ልክ ልኬን ነገረኝ በጠዋት።
ልክ ነበረ።

ታምሲን ጓዳ ገብታ፣ ባልዲዋን ገልብጣ ተቀምጣ ስታለቅስ፣
ሪፖርቱን አነበበችላት ሎዌና፣ ድምፅዋን አድርጋ ለስለስ።
«ታምሲን ረሳች» አይልም። «ሶኬቱ ከእጅ ቀርቧል፣ ምልክት የለውም» ይላል።
የሰው ስም የለበትም፤ የእሷ ብቻ ከታች ተፈርሟል።

ተቆጣጣሪዋ መጣች፣ ሚስ ኦልድሮይድ፣ እርጥብ ጃንጥላ ይዛ።
ገጽ ገለጠች፣ ገጽ ገለጠች፤ ቆመች አሥራ ሦስት ላይ ፈዛ።
ዶክተሩ ጉልበቱን አሸ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።
«ሁሉም አምስት ቢሆን» አለች፣ «አምስቶቹን በተጠራጠርሁ።»
ሌላ አላለችም። ሻይም አልጠጣች።
የእሳት ማጥፊያው ጊዜው አልፏል፣ የመጸዳጃው ደወል ገመድ አጥሯል ብላ ጽፋልን ወጣች።

ሶኬቱ አሁን ቀይ ፕላስተር አለው፤ «አትንቀሉኝ» ይላል፣ የታምሲን ፊደል፣ ጠማማ።
ሎዌና ፈቃድ በወጣች ሰሞን ተራው የእኔ ነው፣ ጠዋት በጨለማ።
ካፖርቴን ሳላወልቅ ጎንበስ እላለሁ።
አምስት ይላል። እስክርቢቶውን አነሣለሁ፣
መልሼ አስቀምጠዋለሁ፤
ደግሜ ጎንበስ እላለሁ።