አሥራ ስምንትና ሃምሳ ሁለት

ሰኞ፤ ጎንደር ሆስፒታል፤ የስኳር ክትትል ደጃፍ።
አግዳሚው ላይ ሆነን ተራ ስንጠባበቅ፣
ቢምረው ጠየቀኝ ድምፁን በመደበቅ፦
«ስንት ትወጊያለሽ?» «አሥራ ስምንት» አልኩት።
የሱ ሃምሳ ሁለት፤ ኀፍረቱን አየሁት፣
ትርፉን ከሰው ጎተራ የሰረቀ ይመስል።

አምና በአጨዳ፣ ደንቢያ፣ የጎረቤት አይቶ፣
«ሰው ባሥር ካደረ…» ብሎ ተበራትቶ፣
ቢቀንሰው ጊዜ፥ በሦስተኛው ማታ
አዘዞን አለፈ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ።

«የኔም አሥራ ስምንት አንድ ቦታ አይረጋም፤
ስፌት ላይ ከዋልኩኝ ሃያ ሁለት ይላል፤
ቅዳሜ ገበያ የጨርቅ ሸክም ይዤ
ሽቅብ ቁልቁል ስል ግን አሥራ አራት ይበቃል።
ጾም ሲገባ ሌላ፥ ጉንፋን ሲይዘኝ ሌላ፤
እስቲ ካርዴን እየው፥ ስርዝ ድልዝ የሞላ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትከሻ ለክቼ፣
አንዱን በሌላው ልክ አላውቅም ሰፍቼ»
ብዬ ስነግረው፥ ከት ብሎ ሳቀና፣
«የኔ ጋቢ ነዋ!» አለኝ ፈታ አለና።

ስሙ እንደ ተጠራ፥ ገና ከበሩ ላይ፣
«ሃምሳ ሁለት!» አለ።
ኮሪደሩ ሰማ።