ባዶው የምሳ ዕቃ

ኮርፒቫራ ትባላለች፤ ሰሜን ፊንላንድ፣ ከጥድ መሐል፤
በኅዳር ወር፣ ገና ምሳ ከሆድ ሳይረጋ ይመሻል።
እዚያ ነው ቺሆ ኦኩዳይራ፣ የጃፓንኛዋ መምህርት፣
አሥራ አንድ ተማሪዎቿን ደብተር ያስከደነች ዕለት፣
እንዲህ ያለቻቸው፦
«ቃል ተሸምድዶ አይከርምም፤ በእጅ ካልነኩት ይጠፋል፤
ሐሙስ አንዳንድ ድምፅ በዕቃ አምጡ፤ ስሙ እኔ ዘንድ ይገኛል።»

ጃፓንኛ እንዲህ ነው፤ ነገሩን በድምፁ ይጠራል።
(እኛስ ብንሆን?
ውኃው ጠብ፣ በሩ ቋ፣ ልብ ድው፣ ዓይን ቦግ ሲል፣
«አለ» የምትል አንዲት ግሥ
ሁሉን አዝላ ትውላለች።)

ሐሙስ ደረሰ።
ሲልቪ አተር በቆርቆሮ፤ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረግፈው
«ፓራ ፓራ»።
ኦኒ ድስት ይዞ መጣ፣ ከነምድጃው፣
የአጃ ገንፎ እየተንተከተከ «ኮቶ ኮቶ»።
ገንፎው ገንፍሎ ወለሉን ሲያዳርስ ግን
በየትኛውም ቋንቋ ስም ያልወጣለት ድምፅ ተሰማ፦
የጽዳት ሠራተኛው የሽማግሌው የቶይቮ እርግማን።

ሚንቱ የደረቀ ቅጠል በትራስ ልብስ ሞልታ፤
እጇን ስትሰድበት «ካሳ ካሳ»።
ቺሆ በጥቁር ቀለም ጻፈችው፤
ብሩሹም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።
የሁሉም «ሳ» ተንጋደደ፤
የአንዱ ብቻ ቀጥ አለ፤ እሱም ግራኝ ነበረ።

ታርሞ ቀረ።
ከኋላ፣ ከማሞቂያው ጥግ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ።
«ያንተስ?»
የምሳ ዕቃ አወጣ፤ ሰማያዊ፣ ጎኑ የተጨረመተ።
ከፈተው።
ባዶ።
ክፍሉ በሣቅ ፈነዳ፦ «ረስቶት ነው!» «በልቶት ነው!»

ሣቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።
«የአባቴ ነው» አለ።
«የእንጨት መሰንጠቂያው ሰኞ ተዘጋ።
በየጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት
መጋዙ ሲነሣ መስኮታችን ይርገፈገፍ ነበር፤
እኔም በዚያ ነበር የምነቃው።
አሁንም በዚያው ሰዓት እነቃለሁ።
አባቴም ይነቃል፤ የቦት ጫማውን ክር ያስርና
ወንበር ላይ ይቀመጣል።
እሱን ነው ይዤ የመጣሁት።
ስም አለው?»

ከብሩሿ ጫፍ ቀለም ጠብ አለ፤ አልጠረገችውም።
«አለው» አለች።
«ሺ————ን።»

እኔ «ጭር» ብዬ ልተረጉመው ቃጥቶኝ ነበር፤
ጭር ግን አጭር ናት፤ ኮሽ ሲል ትሰበራለች።
ይህቺኛዋ ትረዝማለች፤
ሺ ማለዳ ውጣ፣ ሺ ግንድ ውጣ፣ ገና አልጠገበችም።
በጽሑፋቸው ደግሞ መሐሏ ላይ
አንድ ረጅም ጭረት ይጋደማል፣
ልክ ተቆርጦ እንደ ወደቀ ዛፍ።

ታርሞ ብሩሹን ጨበጠ።
መጋደሚያው ላይ ሲደርስ እጁ አልቆም አለ፤
ጭረቱ ወረቀቱን ጨርሶ ጠረጴዛው ላይ ወረደ፣
ከጠረጴዛውም ጠርዝ ደርሶ ቀለሙ አለቀበት።
ቺሆ አልከለከለችውም።
ኦኒ እንኳ፣ ገንፎ በጫማው እንዳለ፣ አልሣቀም።

ማታ አባቱ የምሳ ዕቃውን አነሣ፣
ሊያጥበው ይሁን ሊደብቀው እንጃ፤
ውስጡ የታጠፈ ወረቀት ነበር፦
ካሳ፣ ካሳ።
(ጆሮዬ አማርኛ ነውና ደነገጥኩ፤
ለሃያ ሁለት ዓመት ጉልበት የተሰጠችውም ፖስታ
እንዲሁ ቀላል፣ እንዲሁ ደረቅ ነበረች።)

«ምንድነው ይሄ?»
«የክፍል ሥራዬ። ዘጠኝ ከአሥር።»
አባትየው ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋ፤
ማንበብ እንደሚችል ሰው ብዙ ቆየበት።
«አንዷ ለምን ተቀነሰች?»
«መሥመሬ ከወረቀቱ ወጣ።»