ሦስተኛው መስኮት

ጦሳ ጉሙን ለብሶ ገና እንዳልነቃ፣
የአባቴን ቤት ካርታ በፌስታል ጠቅልዬ እንደ ስርቆት ዕቃ፣
ከይመር ኋላ ኋላ ፒያሳ ወረድኩኝ፣ ጫማዬ እየራሰ፣
ልቤ ከእግሬ ቀርቶ፣ ገና እንዳልደረሰ።

ስድስት የስፌት መኪና ነው ያሰብነው፣ ኮምቦልቻ ላይ፣
የተማሪ ዩኒፎርም፣ መስከረም ሳይጠባ ተሰፍቶ እንዲታይ።

ትርሲት የምትባል የብድር ባለሙያ፣
ከመስታወቱ ወዲያ፣
ሁለት ወረቀት ዘርግታ
«ቋሚ ነው ተለዋዋጭ?» አለችን በፈገግታ፣
የጾም ነው የፍስክ እንደሚል አስተናጋጅ።

«ቋሚው ከመቶ አሥራ ስድስት ነው፤ አይጨምር፣ አይቀንስ፣
የዘንድሮው ክፍያ ያው ነው የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ዕዳው እስኪጨረስ።
ተለዋዋጩ በአሥራ ሦስት ይጀምራል፣ ለጊዜው ይቀላል፤
ከዚያ ወዲያ ግን ገበያውን እያየ ይወጣል፣ ይወርዳል።»

ይመር ልዩነቷን በጣቱ ቆጥሮ ፊቱ በራ።
ሐረጎን በቀን አራት ጊዜ የሚወርድ የሚወጣ ሹፌር፣ መጠምዘዣ መች ፈራ!
«እንዴ ዘነቡ» አለኝ፣ «የወጣ ይወርዳል፣
ሐረጎስ ስንቴ ይታጠፍ የለ? ኋላ ግን ያደርሳል።»

እኔን የታየኝ ግን ጉም የወረደ ለት ነው፤
የፊተኛው መኪና ቀይ መብራት ከጠፋ፣ ገደሉ በየት ነው?

አባቴ የሱቁን ኪራይ በቃል ተስማምቶ ሠላሳ ዓመት ከፈለ፤
አከራዩ ሲሞት ልጁ መጣና «ዘመኑ ተለውጧል» አለ።
አባቴ ያን ማታ እራት አልበላም።
ብሩ አይደለም፤ ቁጥሩን ሲነኩበት ዕድሜውን የነኩ መሰለው፣ አልተኛም።

ከሁሉ ከሁሉ ግን ቃሏ ነው የያዘኝ። «ወለድ» ትላለች ልጅቷ፣
ደጋግማ፣ ሳታስበው፣ ወረቀት እየገለጠች በጣቷ።
ብር ይወልዳል ማለት ነው። በየወሩ፣ ሳያምጥ፣ አዋላጅ ሳይጠራ።
እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ጸበልና ሐኪም ቤት ዞሬያለሁ በተራ።
ቋሚው አንድ አንድ ይወልዳል፤ ተለዋዋጩ አንዳንዴ መንታ፣
አንዳንዴ ሦስት፣ ገበያው ሲመታ።
ይመርም የሰማው መሰለኝ፤
ከጠረጴዛው ሥር በጉልበቱ ጉልበቴን ነካኝ።

በሦስተኛው መስኮት ጎረቤታችን ጦይባ ተሰልፋለች፤
ስታየን እጇን አነሣች።
ከራሷ በላይ በአረንጓዴ ቀለም ተጽፏል፦

ወለድ አልባ።

የእኔን ስም ማን ነግሯቸው ነው መስኮት ላይ የጻፉት፣
ሰው ወረፋ ይዞ እንዲያነበው፣ ጣት እየቀሰረበት?
ሳቄ መጣ። ትርሲት ሳቄን ለመልስ ቆጠረችው፣
«ተስማማችሁ?» ብላ እስክሪብቶዋን ሰጠችኝ፤ ከእጇ ገና ሞቃት ነው።

«ቋሚውን» አልኩ።
ይመር ዞሮ አየኝ። ሦስቱ ከመቶ ዓይኑ ውስጥ ነበር።
ምን ልንገረው? እዚያ፣ ሰው ፊት፣ በምን አፍ ልናገር?
በየወሩ፣ በየወሩ፣ «የዚህን ወር ምን ይዞ ይመጣ?» ብዬ
ጠብቄያለሁ፣ በቀን መቁጠሪያ ላይ ቀይ ነጥብ አኑሬ፣ ደብቄ፣ ከልዬ።
ሌላ የሚጠበቅ ወር አልሻም።
ይወደድ። ግን ልወቀው።

አላልኩም። ሳልል ገባው።
እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ ቀድሞኝ ፈረመ፤
ፊርማው ግን እንደ ሐረጎ ሰባት ቦታ ተጠማዘዘ፣ ሳይቆም፣ ሳይደመደመ።

ስንወጣ ጉሙ ተገፎ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ አልተገፈፈም።
ባዶውን ፌስታል አጥፌ ጋቢና ተቀመጥኩ። ይመር መብራቱን አበራ።
ቁልቁል ስንወርድ መታጠፊያዎቹን ቆጠርኩ፣ በዝግታ፣ በተራ፤
እንደ ትናንቱ ናቸው። አንድም አልጨመረም።