«ይቅር» በቀኝ በኩል

በተንደር ቤይ ወደብ፣ ከጎተራው ጥላ፣
የእህል ማኅበር አለ፤ ጸሐፊዋ ኤይላ።
ሀያ ስድስት ክረምት ከአንድ ወንበር ሳትወርድ
የአጃውን፣ የስንዴውን፣ የመርከቡን መንገድ
መዝግባ የኖረች፤ ዓይኗ ሳያርፍበት
ቁልፍ የምትጫን፣ በጨለማ እንደሚያውቁት ቤት።

ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ነኝ።
ለኖኤሚ ማክ፣ ለኤይላ ዊንዶውስ፣
እህል መርማሪው ጋ ለሼልደን ሊኑክስ፣
አንድ ኮድ፣ አንድ ልብስ፣ አንድ ዓይነት አዝራር።
በቁጠባዬማ ልቤ ኮርቶ ነበር።

ማክ ጥያቄ ሲያቀርብ «እሺ»ን በቀኝ ያኖራል፣
«ይቅር»ን በግራ። ዊንዶውስ ይገለብጣል።
ጥቂት ነገር ናት፤ ማን ይሞትባታል?
እኔ በማክ ሠርቼ፣ የማክን ሥርዓት
ለሦስቱም አለበስኩ፣ ሳልለካ ቁመት።

ጥቅምት ሲጋመስ፣ ሐይቁ ሳይጋገር፣
ሦስተኛው መርከብ ጭነቱን ሲጀምር፣
ስልክ ትከሻዋ ላይ፣ አንድ ቦታ ስታ ነካች፤
«የዘመኑን መዝገብ ላጥፋው ወይ?» የምትል መስኮት መጣች።
እጇ ወደ ቀኝ ሄደ፣
ሀያ ስድስት ዓመት «ይቅር» ወዳለበት፤
እኔ ግን እዚያ ጋ «እሺ»ን ተክዬበት።
መዝገቡ ሄደ።

ራንዲ፣ አለቃችን፣ ሳቀ በመጀመሪያ።
ኤይላ አልሳቀችም። ከታችኛው መሳቢያ
ሰማያዊ ደብተር አወጣች፣ በእርሳስ የታጨቀ፤
ለካ ልቧ አንድ ቀን ማሽን አምኖ አላወቀ።
ሁለት ሌሊት ሙሉ፣ እሷ ስታነበው፣ እኔ ስተይበው፣
ቶን በቶን መለስነው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁ» አልኳት በሦስተኛው ንጋት።
መነጽሯን ጠረገች፣ ቆየት አለች ጥቂት።
የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ እኛ ሲመጣ
ሌላ ቃል አጣሁለት፤ «ይቅር» ብቻ ወጣ።

ያኔ ነው የገባኝ። እኛስ ግስ ስናረባ
አንድ ሥር ይዘን አይደል በየሰዉ የምንገባ?
ለልጁ «ና ግባ»፣ ለእህቱ «ነይ ግቢ»፣
ለአባትየው «ይግቡ»፤ ሥሩ ያው ነው፣ ገ እና ባ።
ሽማግሌ ፊት ቆሞ «አንተ» የሚል አፍ
ሰዋስው አይስትም፤ ደጁን ግን አያልፍ።

ፕሮግራሜም አሁን ደጃፍ ላይ ይቆማል፣
«የማን ቤት ነው?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቃል።
ማክ ከሆነ ዝርዝሩን ከማያው አናት ይሰቅላል፣
መዝጊያዋን ቀይ ክብ በግራ ያኖራል፤
ዊንዶውስ ከሆነ ፊደሉም የቤቱ፣
ግራጫውም የቤቱ፣ በቀኝ ነው መዝጊያቱ።
የፔንግዊኑ ቤት ግን፣ እሱስ አያድርስ ነው!
ወንድማማች ተጣልቶ ግቢውን ከፍሎታል፣
ሼልደን ደግሞ በላዩ ጥቁር ቀብቶታል።
የሱን ጥቁር ለመምሰል
ስምንት ቀን ፈጀብኝ። ጥቁርም ዓይነት አለው።

በታኅሣሥ አስገባሁት። በመስኮቱ በረዶ።
ራንዲ ጠየቃት፣ ቡናውን እንደያዘ፣
«አዲሱስ እንዴት ነው?»
«የቱ አዲስ?» አለችው፣
ፊቷን ሳትመልስ፣ ዓምዱን እየደመረች።

ምስጋና ብዬ ያዝኳት።

ከእጇ ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ «ይቅር» ተቀምጧል፤
አንዲት ነጥብ ያህል ወደ ግራ አዘንብሏል።
ከእኔ በቀር ማንም አያየውም።
ነገ እመለስበታለሁ።