ሥር

በጋንሱ ተራራ፣ ከሚንሺየን በላይ፣
ሚያዎ ሹቸን አለች፣ ሥር ማሽ፣ ደግሞም ሥር አይ፤
የመሬቱን በዶማ፣ የሰውን በጣት፣
እየፈለገች ነው የገፋችው ሰባ ዓመት።

ጉ ዪፋን ይባላል፤ የመጣው ከሼንዠን፣
ስልክ ሲገጣጥም ኖሯል ሌቱን አድርጎ ቀን።
ሦስት ጣት አኖረች በአንጓው ላይ በዝግታ፤
ማሰሮው እስኪንተከተክ ዝምታ፣ ዝምታ።

«ልጄ» አለች፣ «ደጁን ሸፍኖት አመዳይ፣
ሥርህ ውስጥ ግን ገና ሐሩር ነው፣ ጠራራ ፀሐይ።
ዛፉ ቅጠል ጥሏል፣ እባብ ጉድጓድ ገብቷል፤
ያንተ ደም ብቻውን መግቢያው ጠፍቶታል።»

ዶማ ሰጠችው እንጂ ማዘዣ አልጻፈችም፤
«ዳንግጉይ ምሰህ አውጣ፤ ውርጩ አይጠብቀንም።»

(«ይመለስ» ማለት ነው የሥሩ ስም ሲፈታ፤
ማን? ወዴት? አይልም፤ ትቶታል ለቆፋሪው ፈንታ።)

ዘጠኝ ቀን ማሰ፤ መዳፉ ውሃ ቋጠረ፤
በሰባተኛው ሌት፣ አፈር አፈር እየሸተተ፣ ሳያውቀው ተኝቶ አደረ።
ሥሩን አስረው በዘለላ፣ ከጭስ በላይ ሰቀሉት፤
ቤቱን ሞላው ጠረኑ፣ ምሬትም ጣፋጭም ያለበት።

ሊሰናበት ሲነሳ፣ አንጓዋን ሰጠችው፤
«እስቲ ንካው፤ የኔስ የትኛው ወር ላይ ነው?»

ዳሰሰ።
ከበረዶ በታች፣ ከድንጋይ ለድንጋይ፣
ቀጭን ውሃ ሰማ፣ ወደ ውስጥ ሲሄድ፣ ወደ ውስጥ፣ ሳይታይ።

አልነገራትም። ታውቀው ነበርና።
ብቻ ሻንጣውን ከደጃፉ አንስቶ፣
አኖረው ከምድጃው ዳር፣ ዶማው ካለበት፣ መልሶ ገብቶ።